የሐሙስ ጾመኞች

በዚያ ዘመን ቀን ቀን በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አውጥቼ ስሰጥና ስቀበል እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ እማራለሁ። ትምህርት የጀመርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያስመዘግቡበት ዕድሜ ስለነበር፣ ወደ ክፍል በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ተማሪዎቹ አስተማሪ መስያቸው ብድግ አሉልኝ። ተቀመጡ ለማለት ድፍረት አጣሁ። ዝም ብዬ ኋላ ሄጄ ስቀመጥ ያን ጊዜ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ምሳዬን ዳቦ በወረቀት ጠቅልዬ፣ መጽሐፍ ከፍቼ፣ በግቢው የምግብ ክበብ ጥግ ብቻዬን መብላት ለመድኩ። መጽሐፍ የያዘች ሴት ለምን ብቻዋን ተቀመጠች ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እሷን ያየኋት ከዚያ ጥግ ሆኜ ነው። ከታንዛኒያ የመጣች፣ ዘሯ ከህንድ የሆነ፣ ስለ ዕፅዋት ለሁለተኛ ዲግሪ የምታጠና ልጅ ነበረች። በከተማችን ህንድ ማለት አስተማሪ ማለት ስለነበር ከበር ዘበኛው ጀምሮ ሁሉም «ቲቸር» ይላታል። መጀመሪያ ላይ ተማሪ ነኝ እያለች ታስተካክላቸው ነበር፤ በኋላ ሰለቻትና ተወችው።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቹ በክበቡ የሚበሉት በአንድ ትሪ ነው። ቀድሞ የደረሰው ያዛል፤ ሌላው እጁን ታጥቦ እየመጣ ወንበር ይስባል። በመጣች ሰሞን እሷንም ጠሯት። ትሪው ላይ ያለው ቀይ ወጥ ነው። እሷ ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያቷ ጀምሮ ሥጋ ከማይበላ ቤት የመጣች ናት፤ መብላቱ ቀርቶ ሥጋ ባረፈበት ዕቃ የቀረበውንም አትነካም። «አመሰግናለሁ» አለችና ያለ ሥጋ የተሠራ ፓስታ በሳህን አዝዛ ለብቻዋ ተቀመጠች። በማግስቱም ጠሯት፤ በሳልስቱም። ከዚያ መጥራቱን ተዉት። እነሱ ንቃናለች አሉ፤ እሷ ደግሞ ሰልችቻቸዋለሁ አለች። እርስ በርስ የተጠያየቀ አልነበረም።

አንድ ቀን ሳህኗን ይዛ ወደ እኔ ጥግ መጣች። የምትመልሰው መጽሐፍ ሁልጊዜ አቧራው ተጠርጎ፣ ገጹ ሳይታጠፍ ስለነበር አውቃታለሁ፤ አነጋግሬያት ግን አላውቅም።

«አንቺም ከእነሱ ጋር አትበዪም» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «ምን አድርገሽ ነው?»

«ምንም አላደረግሁም። አርጅቼ ነው።»

ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ አብረን መቀመጥ ጀመርን። ክረምት ሲገባ ጥናቷን አቋርጣ ወደ አገሯ ልትመለስ እንዳሰበችም የነገረችኝ እዚያው ነው። የሚያስጠናት መምህር እስከ ሰኔ መጨረሻ አስቢበት ብሏታል።

«ሥራው ከብዶሽ ነው?» አልኳት።

«ሥራውማ ደስ ይለኛል። ቀን ከዛፍ ጋር ነኝ፤ ማታ ከግድግዳ ጋር። ድምፄን የምሰማው ሳነብ ብቻ ሆነ።»

የምታጠናው በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ከባሕር ዛፍ ሥር ምን እንደሚበቅል ነበር። በገመድ ከልላ የምትለካው መሬት ደግሞ ከጉለሌ፣ ከእኛ ሰፈር በላይ ነው። እኔ ከአክስቴ ጋር እኖር ነበር፤ ግቢያችን ውስጥ ደግሞ የአክስቴ ልጅ አግብታ ስትወጣ የተለቀቀች አንዲት ክፍል አለች። ለአክስቴ ነገርኳት። ቀበሌው የውጭ ዜጋ ናት ብሎ ጥቂት ካንገራገረ በኋላ ፈቀደ፤ ልጅቷም ሁዳዴ በተያዘበት ሰሞን ሻንጣዋን ይዛ ገባች።

ሁዳዴ እንዴት እንዳዳነን ሳስበው ይገርመኛል። ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ በተማሪዎቹ አጠገብ ስናልፍ አንድ ረጅም የኬሚስትሪ ተማሪ፣ ያው ለወጉ ያህል፣ «እንብላ» አለን። እሷ ቆም ብላ ትሪውን አየች። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን። ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። ልጁ የጠቀለለውን ጉርሻ እንደያዘ ቀረ።

«ኧረ ቲቸር ተቀመጠች» አለ ለጓደኞቹ በአማርኛ።

እሷ ደግሞ ዞር ብላ በእጇ ጠራችኝ። ጠረጴዛው ሁሉ እያየኝ እምቢ ማለት ከመቀመጥ ይልቅ ያሳፍር ነበርና እኔም ተቀመጥኩ። በእጅ መብላት ከእኛ በላይ ታውቅበታለች፤ ጣቷ እንኳ ከሁለተኛው አንጓ በላይ አይነካውም። በዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ ያዳመጡኝም በቀልዴ የሳቁልኝም እነዚያ ልጆች ናቸው። ስለ መጻሕፍት ይጠይቁኛል፤ የትኛው መደርደሪያ ላይ ምን እንዳለ በቃሌ ስነግራቸው ይደነቃሉ። እሷም ስለ ባሕር ዛፏ ታወራለች።

«ይኼ ምግብ እስከ መቼ ነው?» አለች አንድ ቀን።

«እስከ ፋሲካ ነዋ» አለ ረጅሙ። «ከዚያማ በሬ እንጥላለን።»

ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን ከምስሩ አልተነሣም።

ፋሲካም መጣ። ትሪው ወደ ቀይ ወጡ ተመለሰ፤ እኛም ወደ ጥጋችን። ልጆቹ አንድ ሁለት ቀን ጠሩን። አመስግነን ተቀመጥን። እንደገና እንደናቅናቸው ቆጠሩት፤ ያን ሰሞን ወዳጅ ስለነበርን ደግሞ ባሰባቸው። እኔ ሄጄ ማስረዳት ነበረብኝ ይባል ይሆናል። እሷ ግን በልመና የሚገኝ ወንበር አልፈልግም ብላ ከልክላኝ ነበር።

የጉለሌው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በፋሲካ ዕለት አክስቴ ዶሮ ወጥ ይዛላት ገባች። ልጅቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን እየሰበረች እምቢ አለች። አክስቴ ሳህኑን እንደያዘች ወጥ ቤት መጣች። እኔ ነበርኩ፤ በግቢው ሌላኛው ጫፍ የሚኖሩ ጎረቤታችንም ነበሩ። የእኚህ እናት ወንድ ልጅ በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ወሬው ከጠፋ ሰንብቷል። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል።

«ምን አድርገናት ነው?» አለች አክስቴ።

ሥጋ እንደማትበላ፣ በልታም እንደማታውቅ ነገርኳቸው።

«ዕድሜ ልኳን?»

«ዕድሜ ልኳን።»

«ዶሮም?»

«ዶሮም።»

«ዓሣ ግን…»

«ዓሣም አትበላም፣ አክስቴ።»

«ዓሣም ትተዋለች? ከእኛ ደብር ቄሶች ትብሳለቻ።»

እማማ ሽንኩርት መክተፋቸውን አቁመው ሲያዳምጡ ቆዩና «ስለት አለባት» አሉ።

«ስለት አይደለም፣ እማማ። የቤተሰቧ ልማድ ነው። ጾምም አይደለም።»

«ልማድ ያደረገችው ጾም ነዋ። እኛ ልማድ ማድረግ አቅቶን አይደል በየዓመቱ እንደ አዲስ የምንጀምረው?»

ይህን የመሰለ ነገር ስናገር ቃል በቃል መናገር እወዳለሁ፤ የተናገርኩትን ቃል በቃል የሚሰማኝ ሰው ግን በዚያ ግቢ አልነበረም። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ከቧንቧ ወረፋ አልፎ አዲሱ ገበያ ደረሰ። በቀበሌው ሱቅ ስኳር ሲታደል «ጾመኛዋን አሳልፏት» እያሉ ከፊት ያደርጓታል። ሴቶቹ ተራ ገብተው ሽሮ ይልኩላታል፤ ቅቤ እንዳይነካው ለብቻ ሠርተው። ምክንያቱን ነግሬያት ሳበቃ እሷ «ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ግን ተሳስተዋል» አለች፤ ሽሮውን ግን ደስ ብሏት በላች። ግቢው ውስጥ ስትገባ ከየበሩ ይጠሯታል። አማርኛዋ በዚያ ሰሞን ነው የተፈታው።

አንድ ቀን ሲመሻሽ እማማ አስተርጓሚ ሁኚኝ ብለው ይዘውኝ ወደ ክፍሏ ገቡ። ልጅቷ ማታ ማታ የምታበራት ትንሽ የናስ መብራት አለቻት፤ ያን ጊዜም በርታ ነበር። እማማ መብራቷን ሲያዩ አማተቡ።

«በያት፤ በዚህ ጾሟ ስለ ልጄ ትለምንልኝ።»

እንዳለ ተረጎምኩት። «ጾመኛ ነሽ ብለው ስለሚያምኑ ነው። እምቢ ማለት ትችያለሽ» ብዬ የራሴን ጨመርኩ፤ የጨመርኩትንም መልሼ ለእማማ ነገርኳቸው።

ልጅቷ ጥቂት አሰበች። «የእሳቸውን አምላክ እንዴት እንደሚለምኑት አላውቅም፤ ጾመኛም አይደለሁም። ግን ማታ መብራቴን ሳበራ የእናቴን ስም እጠራለሁ። የልጃቸውንም እጠራለሁ።»

አንድ ቃል ሳልቀንስ ነገርኳቸው። እማማ የሰሙት የመጨረሻዋን ብቻ ነው። ጎንበስ ብለው የልጃቸውን የክርስትና ስም በጆሮዋ ነገሯት። ለጸሎት የሚጠራ ስም እንዲሁ ለማንም አይሰጥም፤ በዚያ ግቢ ካደግነው አንዳችንም አናውቀውም ነበር። መጥራት ሲያቅታት ግን ለእኔም መንገር ግድ ሆነባቸው። አፏ እስኪያስተካክለው ድረስ አስጠናኋት። እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ ሰኔ ገባ። በዓለ ሃምሳ ተፈስኮ አልቆ ረቡዕና ዓርብ ወደ ጾማቸው ተመልሰዋል፤ የሰኔን ጾም ግን በእኛ ሰፈር የሚጾሙት ቄሶቹ ብቻ ነበሩ። ከላይ ከተራራው ወተት ይዛ የምትወርድ ሴት ነበረች፤ ከፋሲካ ጀምሮ በጓሮ በኩል እየመጣች ለልጅቷ በመስኮት ወተት ትሰጣታለች። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ልጅቷም አልደበቀችውም፤ ጓሮው ግን ማንም የማያልፍበት ነበር። ዝናቡ ሲበረታ የጓሮው መንገድ ጭቃ ሆነና ወተት ሻጯ በዋናው በር መግባት ጀመረች። የገባችው ረቡዕ ጠዋት፣ እኔ ለሥራ ልወጣ ስል ነው። አክስቴና እማማ በረንዳው ላይ ምስር ይለቅማሉ።

«የረቡዕ ደንበኛዬ የለችም?» አለች።

«ደግሞ የረቡዕ ደንበኛ ማነው?» አለች አክስቴ።

«ህንዷ ናታ። እናንተ ስትጾሙ የእኔ ላም አብራችሁ አትጾም። እሷ ባትኖር ረቡዕና ዓርብ ወተቱን ማን ይገዛኝ ነበር?»

የእማማ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ወተት ሻጯ የተናገረችው ምን እንደሆነ ሳይገባት ወተቷን አስቀምጣ ሄደች።

«በወተት አፍ» አሉ እማማ ቀስ ብለው። «የልጄን የክርስትና ስም በወተት አፍ ስትጠራው ከርማለች?»

«ጾመኛ ናት ብዬ አልነገርኩዎትም፣ እማማ።»

«አልነገርሽኝም። ያልኩትስ እኔ ነኝ።» ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። ምስሩን እንኳ ይዘው አልሄዱም።

ከዚያ ወዲያ የሰደባት የለም። ሽሮው ቀረ፤ ከየበሩ መጠራቱ ቀረ። ሲያገኟት ሰላም ይሏታል፤ እንደ እንግዳ፣ በጨዋ ደንብ። አክስቴ እንኳ «እንደምን አደሩ» ማለት ጀመረች፤ ይህ «እርስዎ» ከስድብ ሁሉ የከፋ ነበር። ልጅቷ ምን እንዳጠፋች ጠየቀችኝ። ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች።

«ረቡዕና ዓርብ ወተት ብተውስ?»

«መተው ትችያለሽ። ያን ጊዜ መልሰው የሚጠሩት ግን ጾመኛዋን ነው።»

«እዚያ ስለማልበላ ኩሩ ነሽ አሉኝ። እዚህ ስለማልበላ ቅድስት ነሽ አሉኝ። አሁን ደግሞ ጠጣሽ ተባልኩ።» መስኮቱን አየች። «ለመምህሬ እሄዳለሁ ልለው ነው። ሰኔ እኮ ተጋመሰ።»

አትሂጂ ለማለት ምክንያት ያስፈልጋል፤ የነበረኝ ምክንያት ደግሞ አንቺ ከሄድሽ እኔም ወደ ዳቦዬ እመለሳለሁ የሚል ብቻ ነበር። ያን አልተናገርኩም።

በሚቀጥለው ሐሙስ የማታው ትምህርት ቀርቶ አመሻሽ ላይ ከሥራ ስመለስ ልጅቷን በእማማ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። አስተርጓሚ አልጠየቀችኝም። ከኋላዋ ቆምኩ።

«እማማ» አለች በዚያች አማርኛዋ፤ «እኔ ጾም የለኝም። ወተት እወዳለሁ። ስሙን ግን በየቀኑ ጠርቻለሁ። አሁን ልተው?»

እማማ ምድጃቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩዋት።

«ትናንትም ጠርተሽዋል?»

«ትናንትም።»

«እኛ ካኮረፍንሽ በኋላም?»

ማኩረፍ የሚለውን አታውቀውም ነበር። ከኋላ ሆኜ ተረጎምኩላት።

«አዎ» አለች። «እሱ አላኮረፈኝም።»

እማማ ያን ጊዜ ምን እያሰቡ እንደነበር ብዙ ጊዜ ለመገመት ሞክሬያለሁ፤ የማውቀው ያደረጉትን ብቻ ነው። ተነሥተው የጾሙን ድስት ከመደርደሪያው አወረዱ። ያ ድስት ቅቤ ነክቶት የማያውቅ፣ ለብቻው የሚታጠብ፣ በፍስክ ቀን ከቦታው የማይነሣ ድስት ነው። ሽሮ ለመበተን ውሃ ጣዱበት። አክስቴ ጨው ልትበደር መጥታ በሩ ላይ ደረሰች።

«ምነው፣ ቀኑ ጠፋብሽ እንዴ? ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው።»

«አውቃለሁ። ለጾም አይደለም የጣድኩት። ለልጅቷ ነው።»

አክስቴ ጨውዋን ሳትወስድ ቆመች። ከዚያ ገብታ የመቀመጫ ዱካ ሳበች። አራታችንም በላን። ሲያልቅ እማማ እጃቸውን እየታጠቡ «ረቡዕ ወተትሽን ስትጠጪ በርሽን ዝጊ» አሏት። «የግቢው ልጆች እያዩሽ ያምራቸዋል፤ ኋላ ከእናቶቻቸው ታጣያቸዋለሽ። ስሙን ግን እንዳታቋርጪ።»

በሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ወደ አውቶቡስ ስንወጣ እማማ የምሳ ዕቃ ይዘው በር ላይ ጠበቁን። ለእኔ ሰጡኝ።

«ብቻዋን እንዳትበላው። ብዙ ነው ያደረግሁት።»

ክበቡ ውስጥ እንጀራ ያለበት ባዶ ትሪ ጠየቅን። አስተናጋጁ «የጾም የለም፣ ዛሬ ሐሙስ ነው» አለ። ይዘን መጥተናል አልነው። ሽሮውን አፈሰስኩት። ከዚያ አንድ ጊዜም አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ፤ ቆሜ «እንብላ» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ደገምኩት።

ረጅሙ ልጅ ከቀይ ወጡ ላይ ቀና አለ። «ምንድነው እሱ?»

«ሽሮ።»

«በሐሙስ? ምን በድለን?»

ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሥጋ እንደማትበላ፣ ሥጋ ካረፈበት ትሪም እንደማትነካ፣ ንቃቸው እንዳልነበረ ነገርኩት። ልጅቷን አየኋት፤ አልከለከለችኝም። የያዝነው ልመና ሳይሆን ግብዣ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገረችንም?» አለ።

«እናንተስ ለምን አልጠየቃችኋትም?»

ተነሣና አንድ እርምጃ ወደ እኛ መጣ፤ ከዚያ እጁን ተመለከተ። «ቆይ፣ ሥጋ ነክቷል» አለና ወደ መታጠቢያው ሄደ። በዚያ ዘመን ሳሙና እንደ ልብ አልነበረም። እሱ ግን ሁለት ጊዜ ሳሙና እየመታ፣ ጥፍሩን ሳይቀር ሲፈትግ ከተቀመጥንበት እናየዋለን። ሲመለስ እጁን ልክ እንደ ሐኪም ወደ ላይ ይዞት ነበር።

«ቲቸር፣ ይበቃል?»

«ተማሪ ነኝ» አለች በአማርኛ። «ተቀመጥ።»

ሌሎቹም እየታጠቡ መጡ፤ ሁሉም አይደሉም። ሁለቱ ከቀይ ወጣቸው ጋር ቀሩ፤ እኛም አልተቀየምናቸውም። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ የእኛ ቀን ሆነ። የክበቡ ሰዎች የሐሙስ ጾመኞች ይሉን ጀመር። ምግብ ቤቱም በኋላ በኋላ ትንሽ ምስር ለብቻ ማስቀመጥ ለመደ። በሌሎቹ ቀናት እሷ ሳህኗን ይዛ ከትሪው አጠገብ ትቀመጣለች፤ ሳህኗን ለምን እንደያዘች ስለሚያውቁ የሚከፋው አልነበረም።

ለመምህሯ ምን እንዳለችው አልጠየቅኋትም። በሰኔ መጨረሻ፣ ተማሪው ሁሉ መጽሐፍ በሚመልስበት ሰሞን፣ ክምሯን ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ልቀበላት ካርዶቹን ሳወጣ እጇን መጻሕፍቱ ላይ ጫነች።

«አልመልስም። እስከ መስከረም አድሺልኝ።»

አደስኩላት። ማኅተሙን በችኮላ ሳሳርፍ አንዱ ጠመመ፤ ጠማማ ማኅተም ደግሞ አልወድም።

የእማማ ልጅ ወሬ ያን ክረምት አልመጣም። እሳቸውም ስለ ጸሎቱ ዳግመኛ አላነሡም። የሚጠይቁኝ ሌላ ነበር። ሐሙስ ማታ ከትምህርት ስመለስ ባዶውን የምሳ ዕቃ አጥቤ አስረክባቸዋለሁ። ጨው በዝቶ እንደሆነ፣ ወጡ ጣፍጦ እንደሆነ አይጠይቁም።

«ከእነማን ጋር በላችው?» ይሉኛል።

ረጅሙ ልጅ ነበረ እላለሁ፤ ያቺ ከጎጃም የመጣችው የሒሳብ ተማሪ፣ መነጽር ያለው፣ ዛሬ ደግሞ አንድ አዲስ። እሳቸው እያንዳንዱን ራሳቸውን እየነቀነቁ ይቀበሉታል። ከዚያ የምሳ ዕቃውን ክዳን እየገጠሙ ሁልጊዜ ያችኑ ይጠይቃሉ።

«አንቺስ?»

«እኔም አለሁ፣ እማማ።»